ጂፒኤስዎ ሳተላይት አልይዝ ሲል

በአቃቂ ቃሊቲ የእጅ ጂፒኤስ ይዞ መኪና ላይ የሚወጣ ሰው ጥቂት አይደለም። የአቃቂን የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዶች እየዞረ የሚከታተል ቴክኒሻን፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን አቅጣጫ መንገድ የሚቀይስ ባለሙያ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ወርዶ የውሃ ናሙና የሚወስድ ተመራማሪ አለ። ቅሬታቸው ተመሳሳይ ነው። ደጅ ላይ በደንብ የሚሠራው መሣሪያ ጋቢና ውስጥ ሲገባ ሳተላይት ፍለጋ ላይ ይቀራል፤ ወይም መኪናውን ከአስፋልቱ አውጥቶ ከአንዱ መጋዘን ጣሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው አልተበላሸም። ሰማይ አላየም፣ አለበለዚያም ጊዜ አልተሰጠውም። ይህን አስረግጬ የምናገረው ደህና መሣሪያ «ሞቷል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲጣልና በምትኩ በውድ ዋጋ ሌላ ሲገዛ ስለሚቆጨኝ ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። ሥርዓቱ ቢያንስ 24 ሳተላይት ያስፈልገዋል፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉት 30 ያህል ናቸው። እያንዳንዳቸው የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው የት እንዳሉና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ያለማቋረጥ ይናገራሉ። በእጅዎ ያለው መሣሪያ የሚልከው ነገር የለም፤ ሥራው ማዳመጥ ነው። መልእክቱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ከየሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያሰላል። ቦታንም ከፍታንም በትክክል ለማወቅ አራት ሳተላይት ይሻል። አራተኛው የሚያስፈልገው የመሣሪያው የራሱ ሰዓት ርካሽና የሚሳሳት ስለሆነ፣ ስህተቱ ተሰልቶ መታረም ስላለበት ነው። ሦስት ብቻ ካገኘ ከፍታውን ከቀድሞ ልኬቱ ወስዶ ይገምታል። እዚህ ላይ ጠቃሚ ፍንጭ አለ፤ አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ቆመው መሣሪያው 1,500 ሜትር ካለዎት፣ በካርታው ላይ የሚያሳየውንም ነጥብ አይመኑት።

ለሲቪሉ ሲግናል የሚውለው የሳተላይቱ ኃይል ጥቂት አሥር ዋት ብቻ ነው፤ የአንድ የቤት አምፖል ያህል። ያ ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ምድር ሲደርስ መሣሪያው ራሱ ከሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንኳ ያነሰ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ የሚጋርደውም ለዚህ ነው።

አንድ ብዥታ እናጥራ። ጂፒኤስና የሞባይል ኔትወርክ የተለያዩ ናቸው። ኔትወርክ በሌለበት ገደል ውስጥም ቢሆን ሰማይ ከታየ የእጅ ጂፒኤስ ይሠራል። ብዥታው የመጣው ከስልክ ይመስለኛል። ስልክ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ በኢንተርኔት በፍጥነት ስለሚያወርድ ወዲያው ቦታውን ያገኛል፤ ዳታ ሲዘጋ ይዘገያል። አብዛኛው የእጅ ጂፒኤስ ግን ይህን መረጃ የሚያገኘው ከራሱ ከሳተላይቱ ነው፤ ያውም በጣም በዝግታ።

አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ዝግታ ነው። ሳተላይቱ ትክክለኛ ምሕዋሩን የሚገልጸውን መረጃ ለመናገር 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። መረጃው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚያገለግል በየጊዜው መታደስ አለበት። የሁሉንም ሳተላይቶች ጠቅላላ መርሐ ግብር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመስማት ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል። አሁን መኪናውን ያስቡት። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይወጣል፣ መሣሪያው የዚያኑ ጊዜ ይበራል። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ከጎን የሚያልፍ ሲኖትራክ ይጋርደዋል፤ የተጀመረው መልእክት ይቆረጣል፤ መሣሪያው የጎደለውን ለመስማት ሳተላይቱ እንደገና እስኪደግምለት ይጠብቃል። ቀጥሎ ድልድይ፣ ቀጥሎ ዛፍ፣ ቀጥሎ ሌላ ከባድ መኪና። ቆሞ ቢሆን በአንድ ደቂቃ የሚያልቀው ነገር እየነዱ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ መሣሪያውን አብርተው ቦታ እስኪይዝ ቆመው ይጠብቁ። ከግቢ ሳይወጡ፣ ከጣሪያና ከግንብ ራቅ ብለው፣ ከመኪናው ውጭ ቢሆን ይመረጣል። በቃሊቲ በኩል የሚወጡ ከሆነ በመጋዘኖቹ መካከል አይሞክሩት፤ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አቅራቢያ፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። መሣሪያው ለወራት ተቀምጦ ከነበረ ወይም ከሌላ አገር ከመጣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ይስጡት። ከዱባይ የመጣ ጂፒኤስ መጀመሪያ የሚፈልገው የዱባይን ሰማይ ነው። አንዳንዶቹ በምናሌያቸው ውስጥ አዲስ ቦታ ላይ መሆናቸውን የሚነግሯቸው ምርጫ አላቸው፤ እሱን መጫን ጊዜ ይቆጥባል። አንዴ ቦታ ከያዘ በኋላ ለአጭር ጊዜ ቢቋረጥበት ሳተላይቶቹን ቶሎ መልሶ ይይዛል።

ቀጥሎ የሚታየው አቀማመጡ ነው። የመኪና ጣሪያ ብረት ነው፤ ሲግናሉ የሚገባው በመስታወት በኩል ብቻ ነው። ኪስ ውስጥ፣ ጭን ላይ ወይም በማርሹ አጠገብ ያስቀመጡት ጂፒኤስ የሚያየው ሰማይ በጣም ጠባብ ነው። ትክክለኛ ቦታው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በተቻለ መጠን ወደ ፊት ተጠግቶ ነው፤ የሹፌሩን እይታ ግን መጋረድ የለበትም። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የፀሐይ መከላከያ ፊልም ብረታማ ከሆነ ሲግናሉን ያዳክማል። ለማጣራት መሣሪያውን በተከፈተ የጎን መስኮት በኩል ያውጡትና ልዩነቱን ይመልከቱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ነገር ቢኖር የአንቴናው ዓይነት ነው። እንደ መጀመሪያዎቹ ጋርሚን ኢትሬክስ ያሉ ትንንሽ መሣሪያዎች አንቴናቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ሰማይን በደንብ የሚያዩት በጀርባቸው ተጋድመው፣ ስክሪናቸው ወደ ላይ ሲሆን ነው። እንደ ጂፒኤስማፕ 60 እና 64 ያሉት ደግሞ ከአናታቸው ላይ ወፍራም ጉጥ የመሰለ አንቴና አላቸው፤ በውስጡ ያለው ሽቦ የተጠማዘዘ ስለሆነ የሚወዱት ቀጥ ብሎ መቆምን ነው። ኢትሬክሱን አቁመው፣ 60ውን አጋድመው ካስቀመጡ ሁለቱንም በደንብ እንዳይሰሙ አድርገዋቸዋል። 60 እና 64 የውጭ አንቴና መሰኪያም አላቸው። ከመኪናው ጣሪያ ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ትንሽ አንቴና አግኝተው ገመዱን በበሩ ጎማ በኩል ካስገቡ የጋቢናው ችግር በሙሉ ይወገዳል። ዘወትር መስክ ለሚወጣ መኪና ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም።

አሁን የሳተላይቱን ገጽ ይክፈቱ። ሁለት ክቦች ይታያሉ። የውጭኛው ክብ አድማስ ነው፤ መካከሉ ከራስዎ በላይ ያለው ሰማይ ነው። ቁጥሮቹ ሳተላይቶች ናቸው። ከሥር ያሉት ዘንጎች ደግሞ የሲግናሉን ጥንካሬ ያሳያሉ። ዘንጉ ባዶ ከሆነ ሳተላይቱ ተሰምቷል፣ መረጃው ግን ተሟልቶ አልደረሰም፤ ሲሞላ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው። ሁሉም ባዶ ከሆኑ መኪናውን አቁመው ይጠብቁ፤ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው። በክቡ አንድ ወገን ያሉት ብቻ ዘንግ ካላቸው የሚጋርድ ነገር አለ፤ መኪናውን ሲያዞሩ ወገኑ ከተቀያየረ የጋረደው ጣሪያው ነው። ሁሉም ዘንጎች እኩል አጥረው ከታዩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጫጫታን ይጠርጥሩ።

የጫጫታው ምንጭ ብዙ ጊዜ በሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካው ርካሽ ቻርጀር ወይም ከመስታወቱ ሥር የተለጠፈው ካሜራ ነው። አንድ በአንድ ነቅለው ዘንጎቹን ይመልከቱ። ዘንጎቹ ሲረዝሙ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው፤ ወይ ይቀይሩት፣ ወይ ጂፒኤሱን ያርቁት። ይህንን ሁሉ ግን ቆመው ይሥሩት፣ ወይም ረዳትዎ ይሥራው። ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ ተሳቢዎች በሚጎርፉበት መንገድ ላይ ዓይንን ከፊት ነቅሎ ስክሪን ማየት ለሰው ሕይወት አደጋ ነው።

መንገዱም የራሱ ችግር አለው። በቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ በተደረደሩ ኮንቴይነሮች መካከል ሲቆሙ ሲግናሉ ከብረቱ ግድግዳ እየነጠረ ዘግይቶ ይደርሳል። መሣሪያው ርቀቱን የሚለካው በጊዜ ስለሆነ የዘገየውን ሲግናል የራቀ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ቆሞ ያለ መኪና ሲንቀዋለል የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ከተማ ሲገቡ የጎተራ ማሳለጫ ድልድዮች፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ደግሞ ከላይ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር ሰማዩን ይሸፍናሉ። እዚያ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ አልፈው ይሂዱ፣ ይመለሳል። ነጥብ የሚመዘግቡ ከሆነ ግን ከኮንቴይነሮቹ መካከል ወጥተው ይመዝግቡ።

ዝናብና ደመናን አይውቀሱ፤ በክረምትም ቢሆን በጂፒኤስ ሲግናል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከቁጥር አይገባም። የረጠበ የዛፍ ቅጠል ግን ያዳክመዋል። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመርም ብዙ ጊዜ በሐሰት ይከሰሳል፤ በ50 ሄርዝ የሚሄደው ኃይል ከ1,575 ሜጋ ሄርዙ ሲግናል ጋር አይገናኝም። አሜሪካኖች ሆን ብለው ያዛቡታል የሚለው ወሬ በአንድ ወቅት እውነት ነበር። እስከ 100 ሜትር የሚደርስ ስህተት ይጨምሩበት ነበር፤ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ላይ አቆሙት።

እኛን በተለይ የሚመለከት የተፈጥሮ ምክንያት ግን አለ። አዲስ አበባ ለምድር የመግነጢስ ወገብ ቅርብ ናት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም ቦታው ተፈላጊ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። በዚህ የመግነጢስ ወገብ ቀበቶ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የላይኛው አየር ይታወካል፤ ሲግናሉም ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት የሚዘባርቅ መሣሪያ ጠዋት እንደገና ይሞከር።

ከቅንብሮቹ መጀመሪያ የሚታየው ጂፒኤሱ በልምምድ ሁኔታ ላይ አለመሆኑ ነው፤ ሳይታወቅ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ዋስ ወይም ኢግኖስ የሚባለው ምርጫ ካለ ያጥፉት፤ አንዱ ለሰሜን አሜሪካ፣ ሌላው ለአውሮፓ የተሠራ ማረሚያ ስለሆነ እዚህ ባትሪ ከመጨረስ አያልፍም። ግሎናስ ወይም ጋሊሊዮ የተባለ ሌላ የሳተላይት ሥርዓት ካለው ግን ያብሩት፤ የሚያያቸው ሳተላይቶች ይበዙለታል። ባትሪ ቆጣቢውን መኪና ውስጥ ያጥፉት። ነጥብ የሚመዘግቡ ከሆነ መኪናውን በግድ መንገድ ላይ የሚለጥፈውን ምርጫም እንዲሁ።

ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ፣ ቦታው ግን በድሮው 1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ከ100 ሜትር በላይ ከተዛባ ችግሩ ሳተላይት አይደለም። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በተባለው መነሻ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ሲመጣ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ ነው። በምናሌው ውስጥ ወደ አዲንዳን ይቀይሩት፤ ለአዲስ አበባ አካባቢ የካርታው ዞን 37 ነው።

ቦታውን ይዞ ቀኑን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚያሳይ አሮጌ መሣሪያም ከመጣል ይዳን። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ 1,024 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል፤ መጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሷል። አምራቹ አዲስ ሶፍትዌር ካወጣለት በኮምፒውተር ይጫንለት፤ ባይኖርም የሚያሳየው ቦታ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

በእርግጥ የተበላሸውን መለየት ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ በአዲስ ባትሪ፣ ሌላ ደህና ጂፒኤስ በአንድ ክንድ ርቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጎረቤቱ ስምንትና አሥር ዘንግ እያሳየ እሱ አንድም ካልሰማ፣ አንቴናው ወይም ከሰሌዳው ጋር የሚያያዝበት ብየዳ ተነቅሏል። ጥገና ቤት ሲወስዱት «አይሠራም» ብቻ አይበሏቸው፤ ይህን ሙከራ ይንገሯቸው፣ መጀመሪያ የሚከፍቱት የአንቴናውን በኩል ይሆናል።