ከመቅደላ ሕፃንነት እስከ ለንደን መልእክተኝነት፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ትምህርቱ

ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው። ስለዚህ የአንድን ምሁር ሕይወት የምንመረምረው ስሙን ለማወደስ ብቻ ሳይሆን፣ የቀሰመውን ዕውቀት ለማን እንዳዋለው ለይተን ለመረዳት ነው።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን ከምትገኘው ደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ታላቅ መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አስጓዙ። ገደሉን ንዶ መንገድ የጠረገው፣ መድፉንም በጫንቃው የጎተተው ስሙ በታሪክ ያልተመዘገበው ጭቁን ሕዝብ ነበር። በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ከወላጆቹ የተለየ አንድ የጎንደር ሕፃን በመኮንኖች እጅ ወደ ህንድ ተወሰደ። ስሙ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ የእናቱን ቋንቋም ረሳ። ኢምፔሪያሊዝም በአንድ እጁ ትምህርት ሰጥቶ፣ በሌላው ማንነትን ነጠቀ።

በላሆር ሕክምና አጥንተው በበርማ ያገለገሉት ሐኪም ወርቅነህ፣ ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ፤ ዘመዶቻቸውም ዐወቋቸው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ። ነፃ ለወጡ ባሮች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የ1900 ዓ.ም. የክሎቡኮውስኪ ውል ለውጭ ዜጎች የተለየ የዳኝነት መብት በሰጠበት ዘመን በልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ቀጥሎም ጨርጨርን አስተዳደሩ። የፋሽስት ወረራ ሲመጣ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሟገቱ። ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምን ግን ፋሽስቶች የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጀመረውን ጭፍጨፋ ተከትሎ ገደሏቸው።

ይሁን እንጂ የጥረታቸው ወሰን በግልጽ መታየት አለበት። ባርነትን ሲቃወሙ፣ ትምህርትን ሲያስፋፉ ከላይ በሚፈቀድ ጥገና ተማምነው ነበር፤ የመሬት ሥሪቱ ግን አልተነካም። ገባሩም እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ገባር ሆኖ ኖረ። የአንድ ሰው ቅንነት የተደራጀ ሕዝብን ቦታ ሊተካ አይችልም።

እንግዲህ በየማኅበሩ የምንገኝ ነዋሪዎችና ሠርቶ አደሮች ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። የተማረ ሰው ዕውቀቱን ለተገፉት ማዋል ግዴታው ነው፤ የተገፉትም መማርንና መደራጀትን ለሌላ ሰው በጎ ፈቃድ መተው የለባቸውም። መድፉን ወደ መቅደላ የጎተተው የብዙዎች ክንድ ነበረ፤ ክንዱ ግን ፊደልና ድርጅት አልነበረውም!