ምስክር የሌለው ባትሪ

ከሪያድ ከተማ በስተ ምሥራቅ፥ ወደ ደቡብ ባዘነበለው ወገን የተዘረጋው ሱለይ፥ መጋዘን ከመጋዘን የተያያዘበት፥ የጭነት መኪና ቀንና ሌሊት የማይለይበት፥ ከወደብ የመጣው ሸቀጥ ተራግፎና ተቈጥሮ የሚታደልበት ሠፈር ነው። በዚህ ሠፈር ጕልበቱን አፍስሶ ለሚያድር ኢትዮጵያዊ፥ በየወሩ ከሚልከው ገንዘብ ሌላ፥ ኵራዝ ለሚጨስበት ለአባትና ለእናቱ ቤት ብርሃን የመላክ ምኞት ከልቡ አይጠፋም። የፀሐይ ሰሌዳው ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየወረደ ስለ መጣ፥ ይህን ምኞት ዛሬ የሚያሰናክለው ሰሌዳው ሳይሆን ባትሪው ነው፤ አዲሱ ባትሪ ውድ ሆኖ ሳለ፥ ያገለገለው በየጋራዡ ደጃፍ ተከምሮ ሲታይ፥ ይህን አንሥቶ ለዚያ ማዋል የአስተዋይ ሰው ሥራ መስሎ ይታያል። እኔም የአስተዋይ ሥራ ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ፤ የምለው ግን፥ ያገለገለ ባትሪ ረከሰ የሚባለው ዋጋው ሲያንስ ሳይሆን፥ የቀረው ኃይል ተለክቶ ሲታወቅና በመጨረሻ ዕለቱም ማን እንደሚረከበው ሲወሰን ነው።

በሪያድ የመኪና ባትሪ ቶሎ የሚወገድበት ምክንያት ከአየሩ ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ የጥላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፥ በሞተሩ ሽፋን ሥር ያለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሙቀት ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው ያሉ ሁሉ ያውቁታል። በዚህ ላይ የመኪና ባትሪ የተፈጠረው ሞተር ለማስነሣት ነው፤ በውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ስስና ብዙ የሆኑት፥ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ብዙ ኃይል ለቅቀው ወዲያው እንዲሞሉ እንጂ፥ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ እየተሟጠጡ እንዲያነጉ አይደለም። እንግዲህ በሙቀት የተጐዳውን የመኪና ባትሪ ወስዶ ለቤት መብራት ማዋል፥ በሽተኛውን ከማያውቀው ሥራ ላይ ማሰማራት ነው። በአንጻሩ የመጋዘኑ ፎርክሊፍት የሚሸከመው፥ የስልክ አንቴና ሥር የሚቀመጠው፥ እየአንዳንዱ 2 ቮልት የሆነው ወፍራም ባትሪ፥ ሰሌዳው በጥልቀት መሟጠጥን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፥ ከመጀመሪያ ሥራው ጡረታ ቢወጣም ለጐጆ መብራት ገና ብዙ ዓመት ሊተርፍ ይችላል። ክብደቱ ግን ለአንድ ሰው ትከሻ አይሆንም።

ምርመራው ራሱ የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይደለም። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ሽቦው ተነቅሎ ሌሊቱን ያለ ሥራ ያድራል፤ ጧት ቮልት መለኪያው 12.6 ወይም 12.7 ካነበበ ተስፋ አለው፤ ወደ 10.5 ከወረደ ግን ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው። የሚከፈት ክዳን ያለው ከሆነ የአሲዱ ጥግግት በየክፍሉ ይለካል፤ ሙሉ ሲሆን 1.265 ገደማ መሆን ሲገባው፥ አንዱ ክፍል ከጓደኞቹ ጐልቶ ዝቅ ካለ ሕመሙ እዚያ ነው። ከዚህ በኋላ እውነተኛው ፈተና ይመጣል፤ 55 ዋት የሆነ የመኪና ፋና አምፖል ተገናኝቶ ሰዓት ይመዘገባል። ይህ አምፖል 4.6 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ፥ 100 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተሸጠ አዲስ ባትሪ መለኪያው 10.5 ቮልት እስኪያሳይ ድረስ 20 ሰዓት ያህል ሊያበራው ይገባል፤ ያገለገለው 12 ሰዓት ካበራው የቀረው 55 አምፔር ሰዓት ነው፤ 5 ሰዓት ብቻ ካበራው ለቆራሌው የሚሸጥ እርሳስ እንጂ ባትሪ አይደለም። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ባትሪዎች አያይዞ መሥራት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ በተከታታይ ሲታሰሩ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፥ ብርቱዎቹም እርሱን እየጐተቱ አብረው ይወድቃሉ።

ፀሐይን በባትሪ ማኖር ለሳዑዲ ዐረቢያ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሪያድ በስተ ሰሜን ምዕራብ በዑየይና አጠገብ፥ የሳዑዲ ዐረቢያና የአሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1977 በተስማሙበት የምርምር መርሐ ግብር መሠረት፥ 350 ኪሎዋት የሚያመነጭ የፀሐይ መንደር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መባቻ ተሠርቶ፥ ፀሐይን እየተከተሉ የሚዞሩ ሰሌዳዎቹ ቀን የሰበሰቡትን በእርሳስ ባትሪዎች አኑሮ በአካባቢው ላሉ መንደሮች መብራት ይሰጥ ነበር። ባትሪዎቹን የሚጠብቁ መሐንዲሶች አጠገባቸው ነበሩ፤ ይህም ከሰሌዳው ብዛት ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

በእኛም አገር፥ በሰሜን ሸዋ ሬማና ድሬ በተባሉት ቀበሌዎች፥ የጀርመን ተወላጁ ዶክተር ሐራልድ ሹትሳይኬል የመሠረተው የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ 2,000 ያህል ቤቶችን በትንንሽ የፀሐይ መብራት አብርቷል፤ እኔ ግን ከመብራቱ ይልቅ የማደንቀው በዚያው በሬማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፍቶ የአገሬውን ልጆች ማሠልጠኑን ነው። ባትሪ የሚሞት ነገር ነውና፥ ሲሞት የሚመጣለት ባለሙያ በሌለበት ቀበሌ የተተከለ ሰሌዳ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በጣሪያ ላይ የቀረ መስተዋት ይሆናል።

አሁን ወደ መራራው ነገር እንድረስ። አንድ የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው፤ ይህም እርሳስ በሥርዓት ከተያዘ ከሞላ ጐደል ሁሉም ቀልጦ እንደገና ባትሪ ይሆናል፤ በጓሮ ተሰብሮ፥ አሲዱ በአፈር ላይ ፈስሶ፥ በከሰል ምድጃ ሲቀልጥ ግን ሞት ይሆናል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር፥ ነዋሪዎቹ ከባትሪ ፍርስራሽ የተረፈውን እርሳስ ከአፈሩ እያበጠሩ ይሸጡ ስለነበር፥ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃን ደም ውስጥ ጕዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ያስገነዝባል። ወላጅ ልጁ መጽሐፍ እንዲያነብበት ብሎ ባስገባው መብራት የልጁን አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ ቢያስከትል፥ ከዚህ የከፋ በደል ምን ይገኛል? ስለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የባዝል ስምምነት ያለቀለትን የእርሳስ ባትሪ ከአገር ወደ አገር ያለ ተቀባዩ መንግሥት ፈቃድ እንዳይሻገር ያገደው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፥ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1090ም ነገሩን በሕግ አስራዋለች። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌውን ሁሉ አዲስ የሚያደርጉት ጠቢባን እጆች ክብር ይገባቸዋል፤ እነዚያ እጆች ግን ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል ከእርሳስ ጋር መዋል አይገባቸውም።

የሊቲየም ባትሪ ነገር ከዚህ ይለያል። ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቻቸው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳዩት፥ ብረትና ፎስፌት የተቀላቀለበት ዓይነት፥ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች በእሳት የመያያዝ አደጋው ያነሰ፥ ዕድሜውም የረዘመ ነው። አራት ባለ 3.2 ቮልት ክፍሎች ሲያያዙ 12.8 ቮልት ይሆናሉ፤ 100 አምፔር ሰዓት ከሆኑ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ አርጅተው ሦስት አራተኛው ብቻ ቢቀር እንኳ 960 ዋት ሰዓት ነው። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት፥ አንድ ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት፥ የሁለት ሞባይል ቻርጅም ተጨምሮበት 240 ዋት ሰዓት ስለሚፈጅ፥ ያ «አርጅቷል» የተባለ ባትሪ ደመና እንኳ ቢውል አንድ የገጠር ቤት አራት ሌሊት ያበራል። ይሁንና እየአንዳንዱን ክፍል የሚጠብቅ መቈጣጠሪያ ሳይኖረው መሥራት የለበትም፤ ሆዱ ያበጠ ክፍል ደግሞ በምንም ዋጋ አይገዛ።

ከሱለይ በካርጎ ስለሚላከው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ኅሊናዬ አይፈቅድም። ለብቻው የታሸገ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነት ሆኖ እንዳይሄድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ከ30 በመቶ በላይ ተሞልቶ አይጫንም። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በልብስ መካከል መደበቅ፥ በሰማይ ላይ ባለው ነፍስ መፍረድ ነው። ቤተሰቡን የሚወድ ሰው ገንዘቡንና የቮልት መለኪያውን ይላክ፤ ባትሪውን በአገር ቤት ተለክቶ፥ ሲያልቅም የሚመልሰው ነጋዴ ባለበት ቦታ ያስገዛ።

አገር ቤት ደግሞ ባትሪው በራሱ ጊዜ እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ የአዲስ አበባን መንገድ የኤሌክትሪክ መኪና እያጥለቀለቀው ነው። የአንዲት መኪና ባትሪ 50 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን፥ ለመንገድ ደክሞ 70 በመቶ ሲቀረው 35 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል፤ ይህ ለእየአንዳንዱ ቤት 1 ኪሎዋት ሰዓት ቢከፋፈል የ35 ገጠር ቤቶች መብራት ነው። በአምስተርዳም ከተማ የዮሐን ክራይፍ ስታዲየም የኒሳን ሊፍ ባትሪዎችን፥ ያገለገሉትንም ጨምሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጠባበቂያ ኃይል አውሏል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፥ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ስለ ትውልዱና ስለ ጤንነቱ የሚመሰክር ዲጂታል ፓስፖርት እንዲይዝ ወስኗል። የእኛም አስመጪ መኪናውን ከጅቡቲ ሲያስገባ የባትሪውን መዝገብ አብሮ እንዲያስረክብ፥ ሲያረጅም ባትሪውን መልሶ እንዲቀበልና ለክቶ እንዲሸጥ ወይም ለማቅለጫ እንዲያስረክብ ግዴታው አሁን ይጻፍለት፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ለመንገድ ሲደክሙ፥ ያንን ባትሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው መለኪያ የያዘው የሬማ ቴክኒሺያን ይሁን ወይስ መዶሻ የያዘው የጓሮ አቅላጭ፥ የሚወሰነው በዚህ መዝገብ ነውና።