ንስር ወይስ አሞራ? ስለ አእዋፍ ስያሜ አንድ አስተያየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አውሮፓ ተራሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስንመልስ፣ አጥንት ከሰማይ እየጣለ በዐለት ላይ የሚከሰክስ ትልቅ ወፍ አጋጠመን። ብዙም ሳናመነታ «ንስር» አልነው። መሳሳታችንን የተረዳነው መዝገበ ቃላት አገላብጠን አይደለም፤ በኋላ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደን ያንኑ ወፍ በዐይናችን ካየን ወዲህ ነው።

ማለዳ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠን ስንጠብቅ ከበታቻችን ብቅ አለ። ወፍን ከላይ ሆኖ ቁልቁል መመልከት ለሜዳ ሰው እንግዳ ደስታ ነው። ክንፉ ረጅምና ወደ ጫፉ የሾለ፣ ጅራቱ እንደ ሽብልቅ የተቀረጸ ነው፤ ቀረብ ሲል ከመንቁሩ ሥር የተንጠለጠለው ጥቁር ጢም ይታያል። አንድ ቅልጥም ይዞ ከፍ አለና ለቀቀው፤ ተከትሎም ወርዶ ስብርባሪውን ዋጠ። ንስር በጠቅላላው አዳኝ ነው፤ የዚህኛው ምግብ ግን በአብዛኛው የሞተ እንስሳ አጥንት ነው። የአእዋፍ ሊቃውንትም የሚመድቡት ከጥንብ አንሳዎች ጋር ነው።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ «ንስር» ብሎ የገለጸው ወፍ ይኸው ጢማሙ ነው። እንደ ትረካው ከሆነ፣ አገልጋዮቹ በሊማሊሞ አናት ላይ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከበው ሲበሉ ወፉ ዝቅ ብሎ በዝግታ እየበረረ መጥቶ በመካከላቸው ዐረፈ። እግሩን ከትኩሱ ድስት ቢከት አቃጠለው፤ ያንን ትቶ ከገበታው ላይ ሥጋ ይዞ ሄደ። ብሩስ ወፉን ከወርቃማው ንስር ቈጥሮታል። ለእኛ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ስሙን የሰማው ከአገሩ ሰዎች አፍ ከሆነ፣ በዚያ ዘመን በሰሜኑ ደጋ «ንስር» የሚለው ቃል ዛሬ ከምንሰጠው ፍቺ ሰፋ ያለ ነበር ማለት ነው።

ይህም የሚያስገርም አይደለም። ቃሉ የሴማውያን ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው፤ በግእዝ ንስር፣ በዕብራይስጥ ኔሼር፣ በዐረብኛ ነስር ይባላል። የዐረብኛው ነስር ግን በጥብቅ አነጋገር ጥንብ አንሳ ሲሆን አዳኙ ንስር ዑቃብ ነው። በዕብራይስጡም ነቢዩ ሚክያስ (1፥16) ስለ ኔሼር መላጣነት ስለሚናገር፣ ብዙ ሊቃውንት ቃሉን ራሱና አንገቱ ከገላጣ ለሚቈጠረው ጥንብ አንሳ ይሰጡታል፤ የንስር ራስ በላባ የተሸፈነ ነውና። የእኛው ጢማም ራሱ ላባ ለባሽ ስለ ሆነ የሚክያስ ወፍ እሱ ነው አንልም። በአማርኛ ደግሞ ንስር የወንጌላዊው ዮሐንስ ምልክትና የግርማ ምሳሌ ሲሆን፣ «ጥንብ አንሳ» በሰው ላይ ሲነገር የንቀት ቃል ነው። ተርጓሚ ይህን ክብደት ሳይመዝን አንዱን በሌላው ቢተካ አንባቢውን ያስታል።

ስያሜ ወፉን ራሱን የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ጀርመኖች ይህን ወፍ «ላመርጋየር» ይሉት ነበር፤ የጠቦት አሞራ ማለት ነው። ጠቦት ይነጥቃል የሚለው እምነት ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለ ቀረ፣ በአልፕስ ተራሮች ለገዳዩ ሽልማት እየተከፈለ ሲታደን ኖሮ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዚያ ጠፋ። መልሶ የማስፈሩ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዛሬ በጀርመንኛ የተለመደው ስም «ባርትጋየር»፣ ማለት ጢማም አሞራ ነው። እስፓኞች ግን ቀድሞውንም «ኬብራንታዌሶስ»፣ አጥንት ሰባሪ ብለውታል።

ወደ አማርኛው ስንመለስ፣ «አሞራ» የሚለው ቃል በሰማይ የሚያንዣብበውን ትልቅ ወፍ ሁሉ መጠቅለሉን እንደ ቋንቋ ድህነት የሚቈጥሩ አሉ። አንስማማም። ሰው ከምድር ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ መጀመሪያ የሚለየው ቅርጽን ነው፤ አሞራ የዚያ ቅርጽ ስም ነው። ለዝርዝሩ ቅጽል መጨመር ይበቃል። ስለዚህ ለጊዜው «አጥንት ሰባሪ አሞራ» የሚለውን እናቀርባለን። «ጢማም አሞራ» ም መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ጢሙ የሚታየው ከቅርብ ነው፤ አጥንት ሲጥል ግን እረኛም ከሩቅ ያየዋል። በስሜን ወይም በባሌ ነዋሪዎች ዘንድ የኖረ ስም ከተገኘ ግን የእኛው ይቅር።

ስም ለመሰብሰብ የሚወጡ ባልደረቦች አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና የወፎች ሥዕል ይዘው እንዲሄዱ እንመክራለን። ተናጋሪውን «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ሥዕል ብቻ ማሳየት አይበቃም፤ በሥዕል ላይ ንስርና አጥንት ሰባሪ እኩል ሆነው ይታያሉና። ወፉ ሲበር አብሮ ማየት፣ ከዚያ መጠየቅ ይሻላል። በካርዱም ላይ ከስሙ ጎን ቦታው፣ ወሩ፣ ወፉ ሲያደርግ የታየው ነገር ይጻፍ።