ጭንቀት ሲበዛ ሰውነት ለምን በቀላሉ ይታመማል?

በደብረ ማርቆስና አካባቢው ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ «ምች መታኝ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል።

ስንጨነቅ ሰውነታችን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል፤ ጭንቀቱ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል ግን በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች ሥራ ይዛባል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ የተደረገ ትንሽ ቁስል፣ ከማያስታምሙት ይልቅ በ9 ቀን ያህል ዘግይቶ ድኗል።

ስለዚህ ከታማሚው አልጋ ሥር የሚያድር አስታማሚም እንክብካቤ ያስፈልገዋል።

ምን ያድርጉ?
• ከቤተሰብ ጋር በተራ ያስታሙ፤ ተራዎ ሳይሆን ይተኙ።
• ምግብ አይዝለሉ።
• የከበደዎትን ለሚያምኑት ሰው ያካፍሉ።

ሁሉንም ሕመም ግን በጭንቀት አያሳብቡ። ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ያለምክንያት ከከሱ ወይም ቁስሉ ወደ ዓይን ከተጠጋ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።