ሞአና (ፊልም)

ሞአና በዋልት ዲዝኒ አኒሜሽን ስቱዲዮ የተሠራ የአሜሪካ አኒሜሽን ፊልም ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2016 (ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.) ነው። ዋናዎቹ አዘጋጆች ሮን ክሌመንትስና ጆን መስከር ሲሆኑ፣ ስክሪፕቱን የጻፈው ጃሬድ ቡሽ ነው። ፊልሙ የአንድ ደሴት አለቃ ልጅ የሆነችው ሞአና የአባቷን ክልከላ ጥሳ፣ በሌሊት በታንኳ ወደ ውቅያኖስ ጠፍታ ስለ መሄዷ ይተርካል። «ሞአና» የሚለው ቃል በብዙ የፖሊኔዥያ ቋንቋዎች «ውቅያኖስ» ማለት ነው።

ከቤቷ የምትጠፋ ልዕልት በተረትና በልብ ወለድ የተለመደች ናት። ብዙውን ጊዜ የምትጠፋው ከማትፈልገው ጋብቻ ለማምለጥ ወይም የወደደችውን ለማግኘት ነው። ሞአና ግን የምትጠፋው ሕዝቧን ከረሃብ ለማዳን ሲሆን፣ በመንገዷም ሕዝቧ የረሳውን የባሕር ጉዞ ሙያ መልሳ ታገኛለች። አማልክቱና ጭራቆቹ ምናባዊ ቢሆኑም፣ የተረሳው ሙያ ጉዳይ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

የፊልሙ ታሪክ

ማውኢ የተባለ ግማሽ አምላክ የሕይወት ምንጭ ከሆነችው ከቴ ፊቲ ልቧን ይሰርቃል። ልቧ ትንሽ አረንጓዴ ድንጋይ ናት። ማውኢ ሲሸሽ ቴ ካ የምትባል የእሳት ጭራቅ ትገጥመዋለች፤ በውጊያውም ልቧና የማውኢ አስማተኛ መንጠቆ ባሕር ውስጥ ይሰምጣሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጨለማ ከደሴት ወደ ደሴት ይስፋፋል።

ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ በሞቱኑይ ደሴት ሞአና ትወለዳለች። ገና ሕፃን ሳለች ውቅያኖሱ ይመርጣትና ልቧን ይሰጣታል። አባቷ አለቃ ቱኢ ግን ደሴቲቱን ከከበበው የኮራል አጥር አልፎ መሄድን ለሁሉም ሰው ከልክሏል። ለክልከላው የራሱ ምክንያት አለው፤ በወጣትነቱ አጥሩን አልፎ ሲሄድ የቅርብ ጓደኛው በማዕበል ሞቶበታል።

ሞአና 16 ዓመት ሲሆናት የደሴቲቱ ኮኮናት መበስበስ፣ ዓሣውም ከባሕሩ መጥፋት ይጀምራል። ከአጥሩ ውጭ እናጥምድ ስትል አባቷ ይቆጣል። ብቻዋን ሞክራም ታንኳዋ ይሰበርና ትመለሳለች። በዚህ ጊዜ የአባቷ እናት ታላ ወደ አንድ ዋሻ ትመራታለች። በዋሻው ውስጥ የጥንት አባቶች ታላላቅ መርከቦች ተደብቀዋል። ሞአና ሕዝቧ ድሮ ባሕር ተጓዥ እንደነበረ፣ ልቧ ከተሰረቀች በኋላ ግን የሄዱ መርከቦች ስላልተመለሱ አለቆች ጉዞን እንደከለከሉ የምትረዳው እዚያ ነው።

አያቷ ታማ ልትሞት ስትል ሞአና ማውኢን ፈልጋ ልቧን እንዲመልስ እንድታደርግ ታዛታለች። እናቷ ሲና ልጅቷ ስንቅ ስታዘጋጅ ትደርስባታለች፤ ግን ከመከልከል ይልቅ ታግዛታለች። ሞአና በሌሊት ትወጣለች፤ ሄይሄይ የተባለ ሞኝ አውራ ዶሮም ሳታውቀው በታንኳው ውስጥ ተገኝቷል።

ማውኢ መጀመሪያ ላይ ጉረኛና ራስ ወዳድ ነው፤ ታንኳዋንም ሊሰርቃት ይሞክራል። ካካሞራ ከሚባሉ፣ የኮኮናት ልባስ ከለበሱ ትንንሽ የባሕር ወንበዴዎች ካመለጡ በኋላ ወደ ጭራቆች አገር ይወርዳሉ። እዚያም መንጠቆውን ከታማቶአ፣ ጌጥ ከሚሰበስብ ግዙፍ ሸርጣን ያስመልሳሉ። ከዚያ ማውኢ የባሕር መንገድ ማግኘትን ያስተምራታል። ሆኖም ከቴ ካ ጋር ባደረጉት የመጀመሪያ ውጊያ መንጠቆው ስለሚሰነጠቅ ተቆጥቶ ጥሏት ይሄዳል። ሞአናም ተስፋ ቆርጣ ልቧን ለውቅያኖሱ ትመልሳለች። የአያቷ መንፈስ ሲታያት ግን ማን እንደሆነች ለራሷ ትመልስና ጠልቃ ልቧን ታወጣለች።

በመጨረሻ ማውኢ ተመልሶ ይረዳታል። ሞአና የቴ ፊቲ ደሴት ከነበረችበት ስትደርስ ቦታው ባዶ ነው፤ የእሳት ጭራቋ ቴ ካ ራሷ ልቧን የተነጠቀች ቴ ፊቲ መሆኗንም ትገነዘባለች። ስለዚህ አትዋጋትም፤ ውቅያኖሱ ተከፍሎ እንዲያሳልፋት ትለምንና ልቧን በእጇ ትመልስላታለች። ደሴቶቹ እንደገና ይለመልማሉ። ሞአና ወደ ቤቷ ተመልሳ የሕዝቧ መሪና መርከብ መሪ ትሆናለች፤ የተደበቁት መርከቦችም ከዋሻው ወጥተው ይጓዛሉ።

ልዕልት ናት ወይስ አይደለችም?

በፊልሙ ውስጥ ማውኢ ሞአናን ልዕልት ብሎ ይጠራታል፤ እሷ ደግሞ የአለቃ ልጅ እንጂ ልዕልት አይደለሁም ትላለች። ማውኢ ቀሚስ የለበሰችና እንስሳ የሚከተላት ሁሉ ልዕልት ናት ብሎ ይመልስላታል። ቀልዱ ዲዝኒ በራሱ የቀድሞ ፊልሞች ላይ የሚቀልደው ነው።

ንጽጽሩን አስገራሚ የሚያደርገው ክሌመንትስና መስከር እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን «ትንሿ የባሕር ልጅ» ፊልምም ያዘጋጁ መሆናቸው ነው። የዚያ ፊልም ልዕልት ኤሪየልም የአባቷን ትእዛዝ ጥሳ ከቤቷ ትወጣለች። ነገር ግን ኤሪየል ከባሕር ወደ የብስ ስትሄድ ሞአና ከየብስ ወደ ባሕር ትሄዳለች። የኤሪየል ታሪክ በሠርግ ሲያልቅ፣ በሞአና ታሪክ ውስጥ የፍቅር ጓደኛም ሆነ ሠርግ የለም።

ከታሪኩ ጀርባ ያለው እውነት

ፖሊኔዥያ በሰላማዊ (ፓሲፊክ) ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኙ ደሴቶች ስብስብ ነው። ማዕዘኖቹ በሰሜን ሃዋይ፣ በደቡብ ምዕራብ ኒው ዚላንድ፣ በምሥራቅ ራፓ ኑይ (የፋሲካ ደሴት) ናቸው። የፖሊኔዥያ ሕዝቦች አያቶች ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ መጥተው ቶንጋና ሳሞአ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚደረገው ጉዞ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆመ ይመስላል። በኋላ እንደገና ተጀምሮ ታሂቲ፣ ሃዋይ፣ ራፓ ኑይ፣ በመጨረሻም ኒው ዚላንድ በሰው ተያዙ። ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት «ረጅሙ ቆይታ» ይሉታል። ምክንያቱ የነፋስ አቅጣጫ ነው፣ የመርከብ ዓይነት ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የፊልሙ ጸሐፊዎች ጥያቄውን በተረት መለሱት፤ ጉዞው የቆመው ልቧ ስለ ተሰረቀች ነው፣ እንደገና የተጀመረውም አንዲት ልጅ ስለ መለሰቻት ነው።

ያለ ኮምፓስ መንገድ ማግኘት

ማውኢ ለሞአና የሚያስተምራት ሙያ በእውን ያለ ነው። የፖሊኔዥያ መርከብ መሪ ካርታም ሆነ ኮምፓስ አይዝም። የሚጠቀምባቸው ምልክቶች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው፦

ከዋክብት፦ እያንዳንዱ ኮከብ ሁልጊዜ ከአድማስ በአንድ ቦታ ይወጣል፣ በአንድ ቦታም ይጠልቃል። መሪው እነዚህን ቦታዎች በቃሉ ስለሚያውቅ ሰማዩ ኮምፓስ ይሆንለታል። ኮከቡ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እጁን ዘርግቶ በጣቶቹ ይለካል፤ በዚህም ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደሄደ ያውቃል።

ሞገድ፦ ከሩቅ የሚመጣ ትልቅ ሞገድ አቅጣጫውን ለቀናት አይለውጥም። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን መሪው ታንኳው እንዴት እንደሚወዛወዝ በሰውነቱ እያዳመጠ አቅጣጫውን ይጠብቃል።

ወፎችና ደመና፦ አንዳንድ የባሕር ወፎች ቀን በባሕር ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ውለው ማታ ወደ የብስ ይመለሳሉ። ደመናም በደሴት ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ደሴቱ ራሱ ሳይታይ መኖሩ ይታወቃል።

ሆኩሌአ

አውሮፓውያን ወደ አካባቢው ሲመጡ ይህ እውቀት ገና ሕያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 ቱፓያ የተባሉ የራያቴአ ደሴት ካህንና መርከብ መሪ ከካፒቴን ጄምስ ኩክ ጋር ተሳፍረው የብዙ ደሴቶችን አቀማመጥ አስረድተዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ሙያው በብዙ ደሴቶች ጠፋ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ጸሐፊዎች ፖሊኔዥያውያን ደሴቶቹን ያገኙት በእውቀት ሳይሆን ነፋስና ማዕበል እየገፋቸው በአጋጣሚ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ይህን ለመመርመር በሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1973 የፖሊኔዥያ የባሕር ጉዞ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩም ሆኩሌአ የተባለች በጥንቱ ቅርጽ የተሠራች ባለ ሁለት አካል ታንኳ አዘጋጀ። ሆኩሌአ በሃዋይ ሰማይ በአናት ትክክል የሚያልፍ የኮከብ ስም ነው። ችግሩ በሃዋይ ሙያውን የሚያውቅ ሰው አለመቅረቱ ነበር። ስለዚህ በማይክሮኔዥያ ከምትገኘው ከትንሿ ሳታዋል ደሴት ማው ፒያይሉግ የተባሉ መርከብ መሪ ተጠሩ። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1976 ታንኳዋን ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ አደረሷት። ርቀቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በሳታዋል ይህ እውቀት ለውጭ ሰው የሚሰጥ አልነበረም። ማው ፒያይሉግ ግን የደሴታቸው ወጣቶች ሙያውን እየተዉት ስለነበር እንዳይጠፋ ሰግተው ለሃዋይ ሰዎች አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናይኖአ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1980 በጥንቱ ዘዴ ታንኳዋን መርቶ ታሂቲ ደርሶ ተመልሷል። ሆኩሌአም እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ዓለምን ዞራለች፤ ሞአና በሲኒማ ስትታይ ታንኳዋ ገና በዚያ ጉዞ ላይ ነበረች።

የፊልሙ አሠራር

አዘጋጆቹ ከጽሑፉ በፊት ወደ ፊጂ፣ ሳሞአና ታሂቲ ተጉዘው ሽማግሌዎችን፣ ዓሣ አጥማጆችንና የታሪክ አዋቂዎችን አነጋገሩ። በኋላም ከደሴቶቹ የተውጣጡ አማካሪዎች ቡድን ተቋቋመ። ምክሩ በፊልሙ ላይ ለውጥ አምጥቷል። ለምሳሌ ማውኢ መጀመሪያ ራሰ በራ ሆኖ ተስሎ ነበር፤ የታሂቲ አማካሪዎች ፀጉር የኃይሉ ምልክት ነው ስላሉ ረጅም ፀጉር ተሰጠው። የመጀመሪያውን የስክሪፕት ረቂቅ የጻፈው የኒው ዚላንዱ ታይካ ዋይቲቲ ነው። በቀደመው ረቂቅ ሞአና ወንድሞች ነበሯት፤ በኋላ ግን እነሱ ከታሪኩ ወጥተዋል።

ለክሌመንትስና ለመስከር ሞአና ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የሠሩት የመጀመሪያ ፊልማቸው ነው። የማውኢ ንቅሳት ግን በእጅ ተስሏል።

በኮምፒዩተር በኩል ከባዱ ሥራ ውሃው ነበር። ስቱዲዮው ለዚህ ስፕላሽ የተባለ የራሱን ፕሮግራም ሠራ። የዘዴው መሠረታዊ ሐሳብ ይህ ነው፦ ውሃው በብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ነጥቦች ይወከላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ፍጥነት ይይዛል። በየቅጽበቱ የነጥቦቹ ፍጥነት በካሬ ወደ ተከፋፈለ መረብ ይተላለፋል፣ ግፊቱ በመረቡ ላይ ይሰላል፣ ውጤቱም ለነጥቦቹ ተመልሶ ወደ አዲስ ቦታ ይሄዳሉ። ነጥቦቹ የፍንጣሪውን ዝርዝር ይጠብቃሉ፤ መረቡ ደግሞ ስሌቱን ያፋጥናል። ውቅያኖሱ ራሱ ገጸ ባሕርይ ስለሆነ ውሃው የተፈጥሮን ሕግ መከተል ብቻ ሳይሆን መተወንም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ስቱዲዮው ከፊልሙ የአንድ ደሴት ትዕይንት ሙሉ ዳታ ለተመራማሪዎች በነፃ ለቋል። በትዕይንቱ የሚደጋገሙት ዕፅዋትና አሸዋ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ከ15 ቢሊዮን በላይ ቅርጾች አሉት። ዛሬ የሥዕል ማመንጫ ፕሮግራሞችን ለመፈተን ያገለግላል።

ድምፅና ሙዚቃ

የሞአና ድምፅ የሃዋይ ተወላጇ አውሊኢ ክራቫልዮ ናት፤ ስትመረጥ 14 ዓመቷ ነበር። ማውኢን እናቱ የሳሞአ ዝርያ ያላቸው ድዌይን ጆንሰን ተጫውቶታል። የአያቷ ታላ ድምፅ ራቸል ሃውስ፣ የአባቷ ቴሙኤራ ሞሪሰን ሲሆኑ ሁለቱም የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ናቸው። ዘፈኖቹን ሊን ማኑኤል ሚራንዳ፣ በሳሞአ የተወለደው ኦፔታያ ፎአኢና ማርክ ማንሲና አዘጋጅተዋል። ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ በፖሊኔዥያ ቋንቋዎች የተዘፈኑ ክፍሎች አሏቸው። ፊልሙ በኋላ በታሂቲኛ፣ በማኦሪና በሃዋይኛ ቋንቋዎች ድምፅ ተቀርጾለታል። የተናጋሪ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ለእነዚህ ቋንቋዎች እንዲህ ያለ ትልቅ ፊልም ማግኘት ያልተለመደ ነበር።

አቀባበልና ትችት

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 640 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አስገብቷል። በምርጥ አኒሜሽንና በምርጥ ዘፈን ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ ሽልማቶቹን ግን «ዙቶፒያ» እና «ላ ላ ላንድ» ወስደዋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በንግድ ምልክት ምክንያት ስሙ «ቫያና» ተብሏል።

ትችትም አልቀረለትም። አንዳንድ ፖሊኔዥያውያን ፊልሙ የብዙ ደሴቶችን ባህል ቀላቅሎ አንድ አድርጎታል ብለዋል። ማውኢ በአፈ ታሪኩ የተከበረ ጀግና ሆኖ ሳለ እንደ ወፍራም ቀልደኛ መቅረቡም አልተወደደም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዲዝኒ ለልጆች ያወጣው የማውኢ ልብስ ቡናማ ቆዳና ንቅሳት የሚመስል ስለነበር ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ልብሱን ከገበያ አወጣ። ጥያቄው ዛሬም አለ፦ የአንድ ሕዝብ አፈ ታሪክ በሌላ አገር ኩባንያ ሲሸጥ ባለቤቱ ማን ነው?

ተከታይ ፊልም

«ሞአና 2» እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2024 (ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.) በአሜሪካ ወጥቷል። መጀመሪያ የታቀደው እንደ ተከታታይ ድራማ ቢሆንም በኋላ ወደ ሲኒማ ፊልም ተቀይሯል። ገቢውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። በዚህኛው ሞአና የምትወጣው ተደብቃ ሳይሆን የራሷን መርከበኞች ይዛ፣ ሕዝቧ እየሸኛት ነው፤ ዓላማዋም በሌሎች ደሴቶች ከሚኖሩ ሕዝቦች ጋር የተቋረጠውን ግንኙነት መመለስ ነው።