መሰኪያው ስለ ተሰበረ ሃርድ ዲስክ

በኢሉባቦር ከተሞች ሰው የጻፈው ጽሑፍና ያነሣው ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ተከማችቶ የሚገኘው «ኤክስተርናል» እየተባለ በሚጠራው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። የመቱ ፎቶግራፍ ቤት የሠርጉንና የምርቃቱን ሥዕል፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህሩም የብዙ ዓመት ማስተማሪያውን በዚሁ ያኖራል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ በነበረችው በጎሬም የቤተ ዘመድ የቀድሞ ፎቶግራፍ የሚቀዳ ሰው ቢኖር ማስቀመጫው ይኸው ነው። በኢንተርኔት ላይ ማኖር ይሻላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን 500 ጊጋባይት በሞባይል ካርድ መላክ የተማሪ ኪስ የሚችለው አይደለም። በዚያም ላይ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላው አገር ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛው ቅጂ ነው፤ የመሰኪያው መሰበርም እንደ ቀላል ነገር የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

መሰኪያ ሲሰበር የተሰበረው በሩ ነው እንጂ ጎተራው እንዳለ አለ። ጽሑፉና ሥዕሉ የተቀረጸው በዲስኩ ሆድ ውስጥ በሚሽከረከሩ ለስላሳ ክብ ሳህኖች ላይ ነው። ሳህኖቹ በብዙዎቹ ትናንሽ ዲስኮች በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ። አንባቢው ራስ ሳህኑን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ያንዣብብበታል፤ የሰው ጠጉር ውፍረት የዚህ ከፍታ አሥር ሺሕ እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ «ከፍቼ ልየው» ብሎ የብረቱን ክዳን በቤቱ የሚፈታ ሰው አንድ የአቧራ ቅንጣት ምን እንደምታደርግ ያስብ። የፕላስቲኩን ሽፋን ማውለቅ ይቻላል፤ የብረቱን ክዳን ግን ፈጽሞ መንካት አይገባም።

መሰኪያው ከቦርዱ ጋር የተያያዘው በቀጭን ብየዳ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዲስኩ ከጠረጴዛ ጫፍ ሲንጠለጠል ወይም ገመዱ በስተጎን ሲሳብ እግሮቹ ይነቀላሉ። የጉዳቱን ዓይነት ለማወቅ ዲስኩን ሰክቶ እጅን በላዩ ማኖር ነው። እየተንቀጠቀጠ ኮምፒዩተሩ ካላወቀው ኃይል ገብቶለታል፤ የመረጃው መሥመር ግን ተቋርጧል። ጭራሽ ዝም ካለ የኃይሉ መሥመር ወይም ቦርዱ ተበላሽቷል። እየደጋገመ ጠቅ ጠቅ የሚል እንደ ሆነ ግን ነገሩ የመሰኪያ ስላልሆነ ወዲያው ይነቀል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሙከራ ሁሉ ሳህኑን ይፍቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዘዴ አለ። የአሁኑ ዲስክ መሰኪያ ሁለት ክፍል ሲኖረው ሰፊው ወገን ከድሮው ስልክ ቻርጀር መሰኪያ ጋር አንድ ነው። ጠባቡ ወገን ለፍጥነት የተጨመረ ነው። የተሰበረው ጠባቡ ከሆነ የስልክ ገመድ በሰፊው ወገን ቢሰካበት ዲስኩ ቀስ እያለ ሊነበብ ይችላል። ገመዱ ግን መረጃ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ባትሪ ብቻ የሚሞላ ርካሽ ገመድ በገበያ ሞልቷል።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ሽፋኑን አውልቆ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ዲስክ እንደ ላፕቶፕ ዲስክ ሳታ የሚባል መሰኪያ አለው፤ የዩኤስቢው መሰኪያ ያለው በመካከል በገባች ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ያችን ቦርድ ነቅሎ ዲስኩን በሳታ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በሌላው ዓይነት ግን የዩኤስቢው መሰኪያ በዲስኩ በራሱ ቦርድ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ የሚነቀል ነገር የለም። የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ፓስፖርት» ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ባያኖርባቸውም እንኳ የሚጻፈውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ይለውጡታል፤ ቦርዱ የጠፋበት ሰው መረጃውን ቢያነብም ትርጉም የለሽ ሆኖ ያገኘዋል። ከሌላ ዲስክ ተመሳሳይ ቦርድ አምጥቶ መግጠምም አይረዳም፤ የእያንዳንዱ ዲስክ ልዩ ልክ በራሱ ቦርድ ላይ ተመዝግቧልና። አሮጌውን ቦርድ የሚጥል ሰው ቁልፉን እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ባለፈው ክረምት የገጠመን ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነበረ። አንድ ጓደኛችን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት በመዘገበው በያዮ የቡና ደን አካባቢ ከሚኖሩ አዛውንቶች በኦሮምኛ የቀዳውን ድምፅ በዲስክ አኑሮ ነበር፤ ከተናጋሪዎቹ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። መሰኪያው ከነእግሮቹ ተነቅሎ ነበር። ዲስኩን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ በአውቶቡስ መላክ ታሰበ። እኛ ግን የስልክ መሰኪያ ሲለውጥ የሚውል የመቱ ሞባይል ጠጋኝ ይህን ሥራ ከማንም ይልቅ እንደሚያውቀው ስላሰብን ወደ እርሱ ወሰድነው።

ለዝግታው ንባብ አራት ሽቦ ይበቃል፤ እነርሱም የ5 ቮልት ኃይል፣ መሬት፣ ሁለት የመረጃ መሥመሮች ናቸው። በተቆረጠ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ቀዩ ኃይል፣ ጥቁሩ መሬት፣ ነጩና አረንጓዴው የመረጃ መሆናቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ቀለም ስለሚያታልል ጠጋኙ እያንዳንዱን በቴስተር ሳይለካ አልበየደም። ነጩና አረንጓዴው ቢለዋወጡ ዲስኩ አይታወቅም እንጂ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ኃይልና መሬት ቢለዋወጡ ግን ቦርዱ ይቃጠላል። ከብየዳው በኋላ ሽቦዎቹ እንዳይንቀሳቀሱ በሙጫ ተያዙ።

ዲስኩ በታወቀ ጊዜ ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ምንጊዜም አይሆንም ነው! ፋይል እየመረጡ ከመቅዳት አስቀድሞ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ መውሰድ ይሻላል። ለዚህ በነፃ የሚገኘው ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም የደረሰበትን በመዝገብ ስለሚይዝ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። 500 ጊጋባይት በዝግታው መሥመር አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የዚህ መዝገብ ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው። በእኛም ሥራ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ የላፕቶፑ ባትሪ አንዱን ተሻገረ፤ ሁለተኛውን ግን አልቻለም፤ በማግስቱ ጠዋት ካቆመበት ቀጠለ።

የአዛውንቶቹ ድምፅ ሁሉ ተገኘ። ቅጂው ሁለት ሆኖ አንዱ በመቱ፣ ሁለተኛው በጎሬ በጓደኛችን ወላጆች ቤት ተቀምጧል። ጠጋኙም የጠየቀው ለአንድ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ የሚያስከፍለውን ዋጋ ነበረ።