ከጥሩር ለባሽ አሻንጉሊት እስከ ሴባስቶፖል፦ የንዑስ አምሳያ አገጣጠምና ግምገማ

መግቢያ

አኒሜ ከሚባሉት የጃፓን የካርቱን ፊልሞች የተቀዱ፣ ጥሩር የለበሱ ጀግኖችን የሚያሳዩ ተገጣጣሚ አሻንጉሊቶች ዛሬ በብዙ አገሮች የአዋቂ ሰብሳቢዎች ዕቃ ሆነዋል። ሰብሳቢዎቹ አሻንጉሊቱን ገጣጥመው በቅርጹ፣ በክብደቱ፣ በመገጣጠሚያዎቹና በቀለሙ ይመዝኑታል። ልማዱ ጨዋታ ቢመስልም ለቅርስ ጥናት የሚጠቅም የግምገማ ሥርዓት በውስጡ ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥርዓቱን አስረድቶ፣ በጋፋት ለተሠራው ለሴባስቶፖል መድፍ ንዑስ አምሳያ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። ንዑስ አምሳያ ሲባል ከዋናው ዕቃ በተወሰነ እጥፍ አንሶ የተሠራ ቅጂ ማለት ነው። ዓይንን ብቻ የሚያሳምን አምሳያ ስለ ዋናው ዕቃ ዋነኛውን ቁም ነገር ሊሰውር ይችላል።

የአሻንጉሊቱ አሠራርና አገጣጠም

በማሳሚ ኩሩማዳ የተደረሰው «ሴይንት ሴያ» የተባለው ሥዕላዊ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በቴሌቪዥን ፊልምነት ቀርቧል። ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የታሪኩን ጀግኖች «ሴይንት ክሎዝ ሚዝ» በሚል ስያሜ በተከታታይ አውጥቷል። የእነዚህ አሻንጉሊቶች ገላ አንገቱ፣ ትከሻው፣ ክርኑና ጉልበቱ የሚታጠፍ ፕላስቲክ ነው። ጥሩሩ በበርካታ ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ሲሆን ብዙዎቹ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሰው የተሠሩ ብረቶች ናቸው። ቁርጥራጮቹ ከገላው ወልቀው በማቆሚያ ላይ ሲደረደሩ የጀግናውን ኮከብ ምልክት ቅርጽ ይሠራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቦታ በትክክል መግጠም አለበት፤ የልኬት ስሕተት በአንዱ ባይታይ በሌላው ይጋለጣል።

ገጣጣሚው አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጀምሮ ወደ ወገብ፣ ከዚያም ወደ ደረትና ክንድ ይወጣል፤ የራስ ቁሩ መጨረሻ ይደረጋል። እግሩ ሳይጸና ከላይ ብረት የተጫነበት ምስል ሚዛኑን ይስታልና ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ቁራጩ በኃይል ከተገፋ ቀለሙ ይላጣል፤ ሲበዛ ልል ከሆነ ደግሞ ምስሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይወድቃል።

የሰብሳቢዎች መመዘኛ

ከዚህ ልምድ አራት ጥያቄዎችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛው ስለ ቅርጽ ነው፤ የአካሉ ምጣኔ ከዋናው ጋር ይስማማልን? ሁለተኛው ስለ ቁስና ክብደት ነው፤ ዕቃው በእጅ ሲያዝ እንደሚመስለው ነውን? ሦስተኛው ስለ አገጣጠምና እንቅስቃሴ ነው፤ ጥሩሩ ከለበሰ በኋላ ክንዱ ይነሣልን? አራተኛው ስለ አጨራረስና ዘላቂነት ነው፤ ቀለሙና መገጣጠሚያው ከብዙ አያያዝ በኋላ ምን ይሆናሉ?

መመዘኛዎቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ብረት ለእጅ ክብደት ይሰጣል፤ ነገር ግን መገጣጠሚያውን ያላላል። ትልቅ የትከሻ ብረት ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ክንዱን ያስራል። ስለዚህ ጥሩ ገምጋሚ ነጥቦችን በጅምላ ከመደመር ይልቅ ሠሪው የትኛውን ለየትኛው እንደሠዋ ያመለክታል።

የማሳነስ ሕግ

ከሁሉም አስቸጋሪው ክብደት ነው። ምክንያቱን ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ሥራው ውስጥ አብራርቶታል። የአንድ ዕቃ ርዝመት በ12 እጥፍ ሲያንስ የገጹ ስፋት በ144፣ ይዘቱና ክብደቱ ደግሞ በ1,728 እጥፍ ያንሳሉ። በዚህ ልኬት ቁመቱ 1.80 ሜትር የሆነ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 75 ኪሎ ግራም የነበረው ክብደቱ ግን ወደ 43 ግራም ይወርዳል። የብረት ጥሩር የለበሰ አሻንጉሊት ለእጅ «እውነተኛ» የሚመስለው ከዚህ ስሌት በላይ ስለሚከብድ ነው። ሠሪው የእጅን ስሜት ለማርካት ስሌቱን ሆን ብሎ ጥሷል ማለት ነው።

ጥንካሬም እንዲሁ ነው። የአንድ ዘንግ የመሸከም ዐቅም የሚወሰነው በውፍረቱ ስፋት ስለሆነ በ144 እጥፍ ብቻ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ግን በ1,728 ይቀንሳል። ከተመሳሳይ ቁስ በተሠራ ንዑስ አምሳያ ውስጥ ዘንጉ የሚደርስበት ጫና ከዋናው አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። በእውኑ ዓለም የሚሰበር መንኰራኩር በአምሳያው ላይ አይሰበርም።

ሴባስቶፖል እንደ ማሳያ

ይህ ሕግ ደብረ ታቦር አጠገብ ለምትገኘው ለጋፋት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ጨምሮ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፎችን ያፈሰሱት በዚያ ነበር። ከእነርሱ ትልቁ፣ በክራይሚያ ጦርነት በታወቀችው ከተማ ስም የተሰየመው ሴባስቶፖል፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ በዚያው ዓመት በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ሕይወታቸው ሲያልፍ መድፉ አምባው ላይ ቀረ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ደግሞ አምሳያው ቆሟል።

ለሙዚየም ወይም ለትምህርት ቤት የ1/12 ንዑስ አምሳያ ይሠራ ቢባል፣ ከነሐስ የፈሰሰው 4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ውስጡ ያልተቦረቦረ ፕላስቲክ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ግራም አይሞላም። በቅርጽና በቀለም ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ተማሪው ግን ማንኛቸውንም በአንድ እጁ ያነሣቸዋል።

የዋናውን መድፍ ክብደት በሌላ ስሌት ማየት ይቻላል። መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል እንበል። 7 ቶን ወደ ላይ ለመሳብ ዳገቱ ብቻ ወደ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጉልበት ይጠይቃል። የጥርጊያው መንገድ ሰበቃ ያንኑ ያህል ቢጨምርና አንድ ሰው ሳያቋርጥ በ20 ኪሎ ግራም ጉልበት ይጎትታል ብንል፣ ለመድፉ ብቻ 70 ሰው ያስፈልጋል። ሠረገላው፣ መታጠፊያውና ቁልቁለቱ በስሌቱ አልገቡም። በዚያው ተዳፋት ላይ ባለ 4 ኪሎ ግራሙን አምሳያ ዳገቱ ወደ ታች የሚስበው በ400 ግራም ብቻ ነው። የሴባስቶፖል ታሪክ የማፍሰስ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ሥራና የብዙ ሰው ጉልበት ታሪክ ነው፤ ከአምሳያው የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ በቀረበው መሠረት የቅርስ ንዑስ አምሳያ በአራቱ የሰብሳቢዎች መመዘኛዎች ላይ አምስተኛ ሊጨመርበት ይገባል፤ ይኸውም ማሳነሱ ያጠፋውን ነገር በግልጽ ማሳወቁ ነው። በአምሳያው ሥር ልኬቱ፣ ቁሱ፣ የዋናውና የአምሳያው ክብደት ጎን ለጎን ቢጻፉ ወጪው ትንሽ ነው። ከዚያ በተሻለ፣ መድፉ፣ ሠረገላውና ገመዱ ተለያይተው የሚገጣጠሙ ሆነው ቢዘጋጁ፣ በአጠገቡም ተማሪዎች በተዳፋት ላይ በገመድ የሚጎትቱት እውነተኛ ሸክም ቢቀመጥ፣ ዓይን ያላየውን እጅና ትከሻ ይረዱታል። ጎብኚው መድፉ ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን ከጋፋት መቅደላ ለማድረስ ወራት የፈጀበትን ምክንያት ተገንዝቦ ከሄደ፣ አምሳያው ሥራውን ፈጽሟል።